ፀጉርህ ከመሃል አናትህ ሲሳሳ፦ ብር ከማውጣትህ በፊት ሆርሞኑንና ኢንዛይሙን እወቃቸው

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት መጣ። ሐምሌ ነበር። የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ኮፍያ ማድረጉ አልገረመኝም። የገረመኝ እሳት ዳር ተቀምጦም፣ ቡናው ሲመረቅም ኮፍያውን አለማውለቁ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆሞ አስቀደሰ። ወንድ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ራሱን ይገልጣል። ያኔ ነው የገባኝ።

ማታ ሰው ሲተኛ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ እባክህ አንድ ነገር ፈልግልኝ» አለኝ። ገና 24 ዓመቱ ነው። ኮፍያውን ሲያወልቅ ግንባሩ በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ መሃል አናቱም ሳስቶ ቆዳው ይታያል። ከቦርሳው አራት ጠርሙስ ቅባት አወጣ። አንዱ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ለእነዚህ ሁለት በግ ሸጧል። በግ ለመንዝ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ልብ ይሰብራል። እሱን የመሰሉ ብዙ ልጆች በየሳምንቱ መደርደሪያዬ ፊት ይቆማሉ፤ ለእነሱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ነው። ለፀጉር የሚሸጥ ማንኛውም ነገር ሲቀርብልህ «ይሄ የሚሠራው ምኑ ላይ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሆርሞኑ ላይ? ኢንዛይሙ ላይ? የሆርሞኑ ተቀባይ ላይ? ወይስ የፀጉሩ ሥር ላይ? ሻጩ መልስ ከሌለው በግህን አትሽጥ።

መጀመሪያ የመርገፉን ዓይነት ለይ

መስታወት ይዘህ ቀን ብርሃን ላይ ውጣ። በዘር የሚመጣው ራሰ በራነት ቅርጽ አለው። ወንድ ላይ ከግንባር ማዕዘኖችና ከመሃል አናት ይጀምራል፤ ማጅራትና የጆሮ ዙሪያ ይቀራል። የሚሄደው ዝግ ብሎ፣ በዓመታት ነው። አያቆስልም፣ ቆዳውን አይልጠውም። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ምልክትም አለ። ከአናትህ ጥቂት፣ ከማጅራትህ ጥቂት ፀጉር ወስደህ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጥ። የአናቱ በግልጽ ከቀጠነ ሥሩ እየኮሰመነ ነው።

የአንተ እንዲህ ካልሆነ ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ድንገት እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚመለጠው፣ በተለምዶ ላሽ የሚሉት፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ልጆች ላይ ቅርፊት እያወጣ የሚያሳክከው ቆረቆር ደግሞ ፈንገስ ነው፤ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ በማይጸዳ ቶንዶስና ማበጠሪያም ከራስ ወደ ራስ ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ በወባ የተንገበገበ ሰው፣ ታይፎይድ የጣለው ሰው፣ ወይም የወለደች እናት ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ ቢረግፍ አትደንግጥ። ያ ከመላው ራስ ላይ ይረግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ራሱ ይመለሳል። የደም ማነስና የእንቅርት እጢ ችግርም እንዲሁ ፀጉርን በሙሉ ያሳሳሉ፤ ድካም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም አንገት ላይ እብጠት ካለ መጀመሪያ የደም ምርመራ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፍ ደግሞ የማንም ጤነኛ ሰው ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ

ቴስቶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ሁሉም ሰምቶታል። ወንድ ላይ በብዛት፣ ሴት ላይ በትንሹ ይመነጫል። ጎረምሳውን ድምፁን የሚያጎረንነው፣ ጡንቻውን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ራሱ ቴስቶስቴሮን ግን የአናትህ ፀጉር ዋና ጠላት አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲለውጠው ነው።

ኢንዛይም ምን እንደሆነ ለማወቅ እናትህ ጠላ ስትጠምቅ አስብ። እህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ብቻውን አይፈላም። ብቅሉ ሲገባ ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ስኳሩን በልቶ ነው ጠላ የሚሆነው። ብቅሉ ትንሽ ነው፤ የሚለውጠው ግን ብዙ ነው፤ ኢንዛይሙ እየሠራ ራሱ አይለወጥም። ሰውነታችንም በእንደዚህ ዓይነት ነገሮች የተሞላ ነው።

5-አልፋ ሪዳክቴዝ ቴስቶስቴሮንን ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ወደሚባል ሆርሞን ይለውጠዋል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ዲኤችቲ እንበለው። ሆርሞን ቁልፍ ነው፤ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ተቀባይ ደግሞ ጓጉንቸር። ቴስቶስቴሮንም ዲኤችቲም አንዱን ጓጉንቸር ይከፍታሉ፤ ዲኤችቲ ግን ጠበቅ ብሎ ይገባል፣ ቶሎም አይወጣም። ስለዚህ ትንሹ ብዙ ይሠራል።

ጓጉንቸሩ ሲከፈት የሚሆነው ነገር እንደ ቦታው ይለያያል፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። አገጭህ ላይ ዲኤችቲ ጢም ያበቅላል። አናትህ ላይ፣ በዘር ለዚያ በተዘጋጀ ሥር ላይ፣ ያው ሆርሞን ሥሩን ያኮሰምነዋል። ማጅራትህ ላይ ደግሞ ምንም አይልም። ያው ደም፣ ያው ሆርሞን፣ ያው ሰው ነው። ልዩነቱ ያለው ሥሩ ላይ ነው።

ሥሩ እንዴት እንደሚኮሰምን እንይ። አንድ የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ለጥቂት ሳምንት ይዘጋጃል፣ 3 ወር ገደማ ያርፋል፣ ይረግፋል፤ ከዚያው ሥር አዲስ ይበቅላል። ዲኤችቲ የሚያሳጥረው የማደጊያውን ዘመን ነው። መሬቱ እየደከመ የሄደ የገብስ ማሳ አይተህ ከሆነ ይገባሃል፤ አንድ ዓመት እስከ ወገብ፣ በሚቀጥለው እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት። ፀጉሩም በየዙሩ እየቀጠነ፣ እያጠረ፣ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄድና በመጨረሻ እንደ ሕፃን ፊት ፀጉር ለስላሳና የማይታይ ይሆናል። ይህ ለስላሳ ፀጉር ገና እያለ ሥሩ ሊያገግም ይችላል። ሥሩ ጨርሶ ከጠፋና ቆዳው ከተወጠረ በኋላ ግን የሚቀባም የሚዋጥም አይመልሰውም። ልጆቹን ቶሎ ኑ የምላቸው ለዚህ ነው።

ስለ ዘርም አንድ ነገር ልበል። የተቀባዩ ጂን (የዘር መመሪያው) ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ኤክስን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። «የእናትህን አባት እይ» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው፤ እውነት አለው፣ ግማሽ እውነት። ሌሎች ብዙ ጂኖችም ይሳተፋሉ፣ ከአባትም ይመጣሉ። ሁለቱንም ወገን እይ።

እንዴት ታወቀ?

ጃንደረባ ራሰ በራ እንደማይሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት አርስቶትል ጽፎታል። በ1942 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የአናቶሚ ሊቅ ነገሩን በማስረጃ አሳየ። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተኮላሹ ሰዎች ግንባራቸው አይሸሽም ነበር። ቴስቶስቴሮን ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው ራሰ በራነት ያለባቸው መመለጥ ጀመሩ፤ የሌለባቸው ቀሩ። ሲቋረጥ መመለጡ ባለበት ቆመ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዝ። ሆርሞን ያስፈልጋል፣ ዘርም ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ሙክት የሚያሰባ ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ መፍትሔው ሆርሞኑን ማጥፋት ነው?» ሊል ይችላል። አይደለም። ቴስቶስቴሮንን ማጥፋት ወንድነትን፣ አጥንትን፣ ደምን ይነካል። መንገዱ የተከፈተው በ1974 ነው። ጁሊያን ኢምፐራቶ-ማክጊንሊ የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ሳሊናስ በሚባል መንደር ያሉ ቤተሰቦችን አጥንተው አሳተሙ። አንዳንድ ወንድ ልጆቻቸው ሲወለዱ ሴት ይመስላሉ፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ጡንቻ ያወጣሉ። ቴስቶስቴሮናቸው ደህና ነው። የጎደላቸው 5-አልፋ ሪዳክቴዝ ነው። አድገውም ግንባራቸው አይሸሽም፣ ፕሮስቴታቸው (ወንዶች ከፊኛቸው ሥር ያላቸው እጢ) ትንሽ ነው። እንግዲህ ቴስቶስቴሮኑን ሳይነኩ ኢንዛይሙን ብቻ ማገድ ይቻላል ማለት ነው። ፊናስቴራይድ የሚባለው ክኒን ከዚህ ሐሳብ ወጣ። በአሜሪካ በ1992 ለፕሮስቴት በ5 ሚሊግራም፣ በ1997 ደግሞ ለወንዶች ፀጉር በ1 ሚሊግራም ተፈቀደ።

እንግዲህ «ምኑ ላይ ነው የሚሠራው?» እንበል

ፊናስቴራይድ ኢንዛይሙ ላይ ነው። ኢንዛይሙ ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። አንደኛው በብዛት የቆዳ ቅባት እጢዎች ላይ፣ ሁለተኛው የፀጉር ሥርና ፕሮስቴት ላይ ይገኛል። ፊናስቴራይድ የሚያግደው በዋናነት ሁለተኛውን ነው፤ ደም ውስጥ ያለውን ዲኤችቲ በ70 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ዱታስቴራይድ የሚባለው ሌላው መድኃኒት ሁለቱንም ያግዳል፣ ከ90 በመቶ በላይ ያወርዳል። ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ለፀጉር ፈቅደውታል፤ የአሜሪካው ፈቃድ ግን ለፕሮስቴት ብቻ ነው።

እነዚህን ያለ ሐኪም አትጀምር። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ብልት መቆም ያስቸግራል፣ ስሜት ይጨልማል። አንዳንዶች መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላም እንደቀጠለባቸው ተናግረዋል። ከዚህ በፊት ድብርት ካለብህ ለሐኪሙ አስቀድመህ ንገር፤ መድኃኒቱን እየወሰድክ ስሜትህ ከተለወጠም ዝም አትበል። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን ክኒን በእጇ መንካት የለባትም፤ ማህፀን ውስጥ ያለ ወንድ ልጅ ብልቱ ተሠርቶ የሚያልቀው በዲኤችቲ ነውና። የ5 ሚሊግራሙን ኪኒን በቢላ ለአራት እየከፈልክ የምትውጥ ከሆነ እባክህ ቤትህ ውስጥ ማን እንዳለ አስብ። ደም መለገስም ክልክል ነው፤ ፊናስቴራይድ ካቆምክ ቢያንስ አንድ ወር፣ ዱታስቴራይድ ከሆነ ስድስት ወር ቆይ። ለአባቶችም አንድ ቃል፦ መድኃኒቱ ለፕሮስቴት የሚታየውን ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚቀንሰው፣ እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትመርመሩ።

ሚኖክሲዲል ደግሞ ሌላ ነው። ሆርሞኑንም፣ 5-አልፋ ሪዳክቴዝንም አይነካም። የሚሠራው ሥሩ ላይ ነው፤ የማደጊያውን ዘመን ያስረዝማል። መጀመሪያ ለደም ግፊት የሚዋጥ ክኒን ነበር፤ የወሰዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየና በ1988 የሚቀባው በአሜሪካ ተፈቀደ። እዚህም ኢንዛይም አለ። ሚኖክሲዲል የሚሠራው የራስ ቆዳ ውስጥ ያለ ሰልፎትራንስፈሬዝ የሚባል ኢንዛይም ከለወጠው በኋላ ነው። ይህ ኢንዛይም ያነሰበት ሰው በትክክል ተቀብቶም ላይሠራለት ይችላል። ጎረቤትህ ላይ ሠርቶ አንተ ላይ እንቢ ካለ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አቀባቡን ልብ በል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለወንድ 5 በመቶው ፈሳሽ፣ 1 ሚሊ ሊትር፣ ጠዋትና ማታ። ራስህ ደረቅ ይሁን። ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ አፍስሰህ በጣትህ አዳርስ፣ ከዚያ እጅህን ታጠብ። ከተቀባህ በኋላ 4 ሰዓት ያህል ውሃ አይንካው። ጠዋት ጸበል የምትጠመቅ ከሆነ ከተጠመቅህና ራስህ ከደረቀ በኋላ ተቀባ። ማታም ከመተኛትህ ቀደም አድርገህ ቀባው፤ ትራሱ ላይ ከቀረ ፊትህን ጢም በጢም ያደርገዋል። ቤትህ ድመት ካለች በጣም ተጠንቀቅ፤ ጥቂቱ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይብስ ሊረግፍ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደንግጦ ጠርሙሱን ይጥለዋል። አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው፤ ቀጥል። ለውጥ ለማየት ቢያንስ 4 ወር፣ በትክክል ለመፍረድ አንድ ዓመት ጠብቅ። ፊናስቴራይድም ሚኖክሲዲልም የሚሠሩት እየወሰድካቸው ብቻ ነው። ካቆምክ በወራት ውስጥ ያተረፍከውን ታጣለህ። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት የአንድ ወሩን ዋጋ በአሥራ ሁለት አባዛው። የዓመቱን የማትችለው ከሆነ የአንዱን ወር አትግዛ። ሚኖክሲዲል ተቀብተህ ደረትህን ካመመህ፣ ራስህን ካዞረህ ወይም እግርህ ካበጠ አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ቅቤስ? ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ከብርድና ከንፋስ ድርቀት ይጠብቃል፣ እኔም እወደዋለሁ። ኢንዛይሙን ግን አያግድም። ሬት፣ አብሽ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሽንኩርት መፋቅ፣ እነዚህም ከዲኤችቲ ጋር የተያያዘውን መሳሳት እንደሚያቆሙ ልትተማመንባቸው የምትችል ማስረጃ የለም። የተላጨ ፀጉር ወፍሮ ይበቅላል የሚለውም ልክ አይደለም፤ ምላጩ ከቆዳ በላይ ነው፣ ሥሩ ከታች። ኮፍያ ራስ ይመልጣል የሚለው ደግሞ በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ከጣርማ በር እስከ መንዝ ፀጉር ያለው እረኛ አይገኝም ነበር። ኮፍያህን አድርግ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ የሳሳ አናት ቶሎ ይቃጠላል።

የፀጉር ንቅለ ተከላም የሚሠራው በዚያው በሥሩ ልዩነት ነው። ከማጅራት የተነቀለ ሥር ግንባር ላይ ቢተከልም የማጅራት ጠባዩን ይዞ ይሄዳል፣ ዲኤችቲ አይጥለውም። ይህን ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም በ1959 አሳትሞታል። ያልተተከለው የድሮው ፀጉር ግን መሳሳቱን ይቀጥላል፤ ሳይነግሩህ ብር ከሚቀበሉህ ተጠንቀቅ።

ለእህቶች

የእናንተ አመጣጡ ይለያል። የግንባሩ መስመር በአብዛኛው ይቀራል፤ መሃል ለመሃል የምትከፍሉት መስመር እየሰፋ ይሄዳል። አንዱ ምክንያት አሮማቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ቴስቶስቴሮንን ኢስትሮጅን ወደሚባለው የሴት ሆርሞን ይለውጠዋል፤ ሴት ላይ በተለይ በግንባሩ በኩል ከወንድ ይበዛል። መሳሳቱ ከወር አበባ መዛባት፣ ከፊት ፀጉርና ከብዙ ብጉር ጋር ከመጣ የእንቁላል ማኅደር ሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጆሮ ግንድ አካባቢ ብቻ የሸሸ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሹሩባውን ጠርጥሪ፤ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ዓመት በዓመት ሥሩን ይነቅላል፣ ከቆየም አይመለስም። ሠሪዋን «እትዬ፣ አላልተሽ ሥሪኝ» በያት፤ ስትሠሪ ካመመሽ ጠብቋል። ልትወልድ የምትችል ሴት ፊናስቴራይድ አትወስድም። ሚኖክሲዲልም በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ አይሆንም።

የአጎቴን ልጅ ወደ ቆዳ ሐኪም ይዤው ሄድኩ። አራቱን ጠርሙስ ጣልናቸው። ሐኪሙ አይቶት በሚቀባው ብቻ እንዲጀምር ተስማሙ። መስከረም ላይ ከመጀመሩ በፊት የእናቴ በር ላይ ቆሞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ከፊትና ከላይ ፎቶ አነሳሁት። መስታወት በየቀኑ ስለሚያታልል ፎቶው በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የፀጉር ርዝመት መሆን አለበት። ጥቅምት ላይ ደውሎ «ወንድም ጋሼ፣ ባሰብኝ» አለ። ነግሬው ስለነበር አላቆመም። ለጥምቀት መጥቶ ሁለተኛውን አነሳን። ግንባሩ እዚያው ነው። አናቱ ላይ ግን ጥቁር ጥቁር አለ፣ እናቴም ሳትጠየቅ አየችው። ታቦቱ ሲወጣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከፊት ቆመ። ሦስተኛውን ፎቶ ለፋሲካ እናነሳለን።